«ሻል»፦ ከዕዳ ወደ ትንቢት — የአንድ የእንግሊዝኛ ረዳት ግሥ ታሪክና የአማርኛ አተረጓጎሙ

ከእንግሊዝኛ ረዳት ግሦች መካከል «ሻል» የተባለውን ለዚህ ጽሑፍ የመረጥነው፥ በተርጓሚዎቻችን ዘንድ እንደ ታወቀ ቃል ተቆጥሮ ያለ ምርመራ ስለሚታለፍ ነው። እንግዳ የሳይንስ ስያሜ ሲገጥመው ተርጓሚው ቆም ብሎ መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ ባለሙያ ይጠይቃል፤ ከባልደረቦቹም ጋር ይመክራል። «ሻል» ግን በየመስመሩ ስለሚመላለስ እጁ በልማድ ይጽፈዋል፤ አንድ ጊዜ «ይሆናል»፥ አንድ ጊዜ «አለበት»፥ አንድ ጊዜ «ይገባል» እያለ ያልፋል። በሕግ፥ በውልና በስምምነት ጽሑፍ ላይ ግን ሰው መብት የሚያገኘውም የሚያጣውም በዚችው ትንሽ ቃል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የቃሉን ታሪክ ከመነሻው እንከተላለን፤ ቀጥሎም በአማርኛ ስለሚይዘው መልክ የደረስንበትን አስተያየት እናቀርባለን። የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር፥ የአገራችንን ሕጎች ግን በራሳችን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሼአል» ማለት «ዕዳ አለብኝ» ወይም «ዕዳ አለበት» ማለት ነበር። ዕዳ ስንል የገንዘብና የዕቃ ዕዳ ማለታችን ነው። የቃሉ ዘመዶች በጀርመናዊ ቋንቋዎች ሁሉ ይገኛሉ። በአራተኛው መቶ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስ በተተረጐመበት በጎጥ ቋንቋ «ስኩላን» የተባለው ግሥ «ባለ ዕዳ መሆን» ነው፤ በጀርመንኛ ግሡ «ዞለን» ግዴታን ሲያመለክት፥ «ሹልድ» የተባለው ስም ዛሬም ድረስ ዕዳንም በደልንም በአንድነት ይገልጣል። የግሡ አመጣጥም ለሰዋስው ተመራማሪ የሚያስደስት ነገር አለው። መልኩ የኀላፊ ነው፤ ፍቹ ግን የአሁን ነው። ሌሎች የእንግሊዝኛ ግሦች በሦስተኛ መደብ ነጠላ የሚጨምሩትን የመጨረሻ «ስ» ይህ ግሥ የማይቀበለው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛም በአማርኛ «ገባኝ»፥ «ራበኝ»፥ «ደከመኝ» ስንል በኀላፊ መልክ የአሁኑን ስሜታችንን እንናገራለንና፥ ጠባዩ ለጆሯችን ሩቅ አይደለም።

ከዕዳ ወደ ግዴታ የተደረገው ጉዞም ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። «ሃምሳ ብር አለብኝ» የሚለው ሰውና «መሄድ አለብኝ» የሚለው ሰው አንዱኑ ቃል ይናገራሉ። የፊተኛው ብር፥ የኋለኛው ሥራ ተሸክሟል። «አለኝ» ሀብት ሲሆን «አለብኝ» ሸክም ነው፤ ልዩነቱን ያመጣችው «ብ» የተባለችው አንዲት ፊደል ናት። በእንግሊዝኛም «ሻል» ብቻውን አይደለም፤ «ኦት» የተባለውና እኛ ብዙ ጊዜ «ይገባል» ብለን የምንተረጉመው ቃል «ኦው»፥ ማለትም «ባለ ዕዳ ሆነ» ከተባለው ግሥ የኀላፊ መልክ የወጣ ነው። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች ግዴታን ከዕዳ መውለዳቸው፥ የሰው ልጅ ግዴታን በመጀመሪያ የተረዳው በአበዳሪና በተበዳሪ መካከል ነው ያሰኛል።

ከዚህ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል። የአማርኛው «አለበት» ከዕዳና ከግዴታ አልፎ አልሄደም። የእንግሊዝኛው ቃል ግን ግዴታን ትቶ ወደ ጊዜ ገባ። ምክንያቱን ለመረዳት ጥንታዊው እንግሊዝኛ ለወደፊት ጊዜ የተለየ የግሥ መልክ እንዳልነበረው ማስታወስ ያስፈልጋል። የዛሬውንም የነገውንም ድርጊት በአንድ መልክ ይገልጥ ነበር፤ ልክ እኛ «ይሄዳል» ስንል የዘወትሩንም የነገውንም እንደምናመለክት ማለት ነው። የቀድሞ የሰዋስው መምህራኖቻችን ይህን መልክ «ትንቢት» ብለው መሰየማቸው ይታወቃል። ላቲን ግን ለትንቢት የራሱ መልክ ስላለው፥ ከላቲን የሚተረጉሙ እንግሊዞች አንድ ነገር መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በአሥራ አራተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በጆን ዊክሊፍ ስም የሚታወቀው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሲዘጋጅ፥ ተርጓሚዎቹ ለላቲኑ የትንቢት ግሥ «ሻል»ን አዘውትረው አቆሙለት። ዕዳ ነገ የሚከፈል ነገር ስለ ሆነ፥ ዕዳን የሚናገር ቃል ነገን ለመናገር መመረጡ አያስገርምም። በአነጋገር ውስጥ ግን ሕዝቡ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር፤ «ዊል» የተባለውን፥ መነሻው «ፈለገ፥ ወደደ» የሆነውን ግሥ ለዚሁ አገልግሎት ይጠቀምበት ጀመር። በዚህ ዓይነት እንግሊዝኛ ሁለት የትንቢት ረዳቶችን አገኘ፤ አንዱ ከዕዳ፥ ሁለተኛው ከፈቃድ የተወለዱ ናቸው። ለእኛ ለትርጉም ሠራተኞች ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ «ሻል» በመጽሐፍ ቋንቋ ውስጥ የትንቢት ቃል ሆኖ እንዲጸና ብዙ የሠሩት ተርጓሚዎች ናቸው።

ውጤቱ ግን ድርብ ፍች ሆነ። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዐሠርቱ ትእዛዛት የተጻፉት በዚሁ ረዳት ግሥ ነው፤ ነቢያት ስለሚመጣው ዘመን የሚናገሩትም በዚሁ ነው። አንባቢው የትኛው ትእዛዝ የትኛው ትንቢት እንደ ሆነ የሚለየው ከአገባቡ ብቻ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ክልከላውን በአሉታ ትእዛዝ አንቀጽ፥ ትንቢቱን በትንቢት አንቀጽ ስለሚጽፍ እንዲህ ያለ ችግር አላገኘውም። ተርጓሚዎቻችን ይህን የቋንቋችንን ሀብት ልብ ሊሉት ይገባል፤ እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚያጨናንቀውን አማርኛ በግሡ መልክ ይለየዋል።

ደንብ አውጪው ሰዋስው የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። በ1653 ጆን ዎሊስ የተባለው የኦክስፎርድ የጂኦሜትሪ መምህር፥ በሒሳብ ትምህርት መጨረሻ የሌለውን ቁጥር የሚያመለክተውን ምልክት ያስተዋወቀው ሰው፥ የእንግሊዝኛን ሰዋስው በላቲን ጽፎ ለውጭ አገር ተማሪዎች አሳተመ። በዚያም እንዲህ ሲል ደነገገ፦ በአንደኛ መደብ «ሻል» የሚሆነውን ብቻ ይናገራል፤ «ዊል» ግን ቃል ኪዳን ወይም ዛቻ ነው፤ በሁለተኛና በሦስተኛ መደብ ነገሩ ይገለበጣል። ይህንኑ ደንብ በ1762 ኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ላውዝ ደገመው፤ በ1795 ደግሞ የሊንድሊ መሪ የትምህርት ቤት ሰዋስው በብሪታንያና በአሜሪካ አሠራጨው። ከዚህ የተነሣ አንድ ቀልድ ይወራ ነበር። ወንዝ ውስጥ የወደቀ እንግዳ ሰው «መስመጤ ነው፤ የሚያድነኝም የለም» ለማለት ፈልጎ ሁለቱን ረዳት ግሦች ስላምታታ፥ «ለመስመጥ ቆርጫለሁ፤ ማንም እንዳያድነኝ» የሚል ሆነበት፤ በዳር የቆሙት እንግሊዞችም ፈቃዱን አክብረው ዝም ብለው አዩት ይባላል።

በእኛ አስተያየት ይህ ደንብ ከመጀመሪያውም የሕዝቡን አነጋገር በሙሉ የሚገልጥ አልነበረም። የፋውለር ወንድማማቾች በ1906 ስለ እንግሊዝኛ አጻጻፍ ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የሁለቱ ቃላት ትክክለኛ አጠቃቀም ለደቡብ እንግሊዝ ተወላጅ በተፈጥሮ የሚመጣ፥ ለሌላው ግን በትምህርት የማይገኝ ያህል አስቸጋሪ መሆኑን ገልጠዋል። በትምህርት የማይገኝ ደንብ ደንብ መባሉ ያጠራጥራል። በ1925 ቻርልስ ፍሪስ የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ የእንግሊዝና የአሜሪካ ተውኔቶችን መርምሮ የሁለቱን ቃላት አጠቃቀም በቁጥር ባቀረበ ጊዜ፥ ተናጋሪው በደንቡ እንደማይሄድ ታየ። ታላላቅ ተናጋሪዎችም አልሄዱበትም። ዊንስተን ቸርችል ሰኔ 4 ቀን 1940 በፓርላማ በባሕር ዳር፥ በሜዳና በየመንገዱ እንደሚዋጉ ሲናገር፥ ጄኔራል ማክአርተርም በመጋቢት 1942 ወደ ፊሊፒንስ እንደሚመለስ ቃል ሲገባ፥ ሁለቱም በአንደኛ መደብ የተናገሩት በ«ሻል» ነው። በዎሊስ ደንብ ቢተረጐም ንግግራቸው ተራ ግምት ይሆን ነበር፤ የሰማቸው ሁሉ ግን መሐላ መሆኑን ተረድቷል። የጥንቱ ዕዳ በቃሉ ውስጥ አልሞተም ነበር ማለት ነው።

ቃሉ ዛሬ በተራ ንግግር እየሳሳ ሲሄድ ጸንቶ የቆየው በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ችግሩም የበረታው እዚያው ነው። በአንድ ሕግ ውስጥ «ሻል» ባለሥልጣንን ያዝዛል፤ ከ«ኖት» ጋር ሆኖ ይከለክላል፤ ለአንዱ ወገን መብት ይሰጣል፤ ሕጉ የሚጸናበትን ቀን ያስታውቃል፤ የቃላትን ትርጓሜ ይወስናል፤ «ቢጎድል»፥ «ቢያጠፋ» በሚል ሁኔታ ውስጥም ይገባል። ጆርጅ ኩድ የተባለው እንግሊዛዊ የሕግ ሰው በ1840ዎቹ ስለ ሕግ አጻጻፍ ባቀረበው ጥናት፥ ቃሉ ግዴታ ለተጣለበት ሰው ብቻ እንዲቀር አጥብቆ አሳስቦ ነበር፤ ሰሚ ግን ብዙ አላገኘም። በ1995 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው አንድ ፍርድ፥ የሕግ ጸሐፊዎች ይህን ቃል አንዳንድ ጊዜ «ይገባል» ወይም «ይችላል» ለማለት ጭምር እንደሚጠቀሙበት አስታውሷል። የትእዛዝ ቃል ነው የተባለው ቃል የፈቃድ ቃልም ከሆነ፥ ባለ ጉዳዩ ምን ይዞ ይሟገታል?

መፍትሔ ከፈለጉት አገሮች መካከል ደቡብ አፍሪካ በ1993 የሽግግር ሕገ መንግሥት «ሻል» ይል የነበረውን በ1996ቱ ሕገ መንግሥት ግዴታን ብቻ በሚገልጠው በ«መስት» ተክታለች። የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብም በ2007 እንደ ገና ሲጻፍ፥ «ሻል» በያለበት እየተመረመረ እንደ ሁኔታው በ«መስት»፥ በ«ሜይ» ወይም በ«ሹድ» ተለወጠ። የማስተካከያው ዓላማ የቃል እንጂ የሕግ ለውጥ አልነበረም። ሆኖም ፍርድ ቤቱ ሙሉ ክርክር ሳይሰማ ፍርድ ስለሚሰጥበት ሁኔታ የሚደነግገው አንቀጽ 56 አላመች አለ። በ2007 «ሹድ» ተደረገ፤ ይህ ዳኛው ቢፈልግ ሊተወው የሚችል አስመሰለው፤ «መስት» ቢባል ደግሞ በብዙ ፍርዶች የተገነባውን ልማድ ያፈርሳል ተብሎ ተሠጋ። በ2010 አሮጌው «ሻል» ወደ ቦታው ተመለሰ። የአንድ ቃል አሻሚነት በብዙ ዓመት የፍርድ አሠራር ውስጥ ገብቶ ራሱ ሕግ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላየንም።

በዓለም አቀፍ ስምምነትም ነገሩ ከዚህ የከበደ ሆኖ ታይቷል። ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 በፓሪስ የአየር ንብረት ስምምነት ሊጸድቅ ልዑካኑ ሁሉ ተሰብስበው ሳሉ፥ በአንቀጽ 4 ንኡስ አንቀጽ 4 የበለጸጉ አገሮች ልቀትን በመቀነስ ረገድ ግንባር ቀደም ሆነው እንዲቀጥሉ የሚደነግገው ዐረፍተ ነገር «ሻል» ይዞ ተገኘ። የአሜሪካ ልዑካን «ሹድ» መሆን ነበረበት ብለው ተቃወሙ፤ በ«ሻል» ከጸደቀ አስገዳጅ ግዴታ ስለሚሆን በአገራቸው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት መቅረብ ያሠጋው ነበር። ስብሰባው ተጓተተ። በመጨረሻም ለውጡ ከሌሎች የጽሕፈት እርማቶች ጋር ተደባልቆ በጉባኤው ፊት ተነበበ፤ ስምምነቱም ጸደቀ። ሁለት የእንግሊዝኛ ረዳት ግሦች፥ ያውም አንዱ የሌላው የኀላፊ መልክ የሆነ፥ የመንግሥታትን ግዴታ ከማሳሰቢያ ለዩ። ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ስለሆነች፥ ሰነዱን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ሹድ»ን «አለባቸው» ብሎ ቢጽፍ በፓሪስ ያልተሰጠውን በአዲስ አበባ ሰጠ ማለት ነው።

በግዴታና በፈቃድ ቃል መካከል ያለውን ርቀት የኢትዮጵያ ሕዝብ ከማንም አስቀድሞ ያውቀዋል። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል፥ የጣሊያንኛው ቅጅ ንጉሠ ነገሥቱ «ይስማማሉ» የሚል ግሥ ይዞ ነበር፤ ከዚያም ግዴታ ተነበበ። የተከተለው ታሪክ የታወቀ ስለ ሆነ አንዘረዝረውም።

ወደ ሕጎቻችን ስንመጣ፥ ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሲታተም ስለ ኖረ፥ «ሻል» በአማርኛ ምን ሆኖ እንደ ተገለጠ ለማየት የተመቸ መዝገብ ነው። እዚያ የሚታየው ዋናው ልማድ የትንቢት አንቀጽ ነው፦ «ይቀጣል»፥ «ይወስናል»፥ «ያቋቁማል»፥ «ተሽሯል» ብሎ ለማለፍ ያልተመቸውን ደግሞ «ይሻራል» ይላል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መነሻ ረቂቅ በፈረንሳይኛ፥ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ረቂቅ ደግሞ በእንግሊዝኛ መዘጋጀቱን ማስታወስ ይጠቅማል። የፈረንሳይ ሕግ ትእዛዙን የሚጽፈው በአሁን ጊዜ ግሥ ነውና፥ ከዚያ የመጣው «ይቀጣል» ቀጥተኛ ነው። ከእንግሊዝኛው የመጣው ግን «ሻል»ን መመርመር ነበረበት። ሁለቱም በአማርኛ አንድ መልክ ይዘው መውጣታቸው የትንቢት አንቀጻችንን ስፋት ያሳያል። ሕግ «ይቀጣል» ሲል የሚሆነውን እየተነበየ ማዘዙ ነው፤ የእኛ ጆሮም ይህን እንደ ትእዛዝ ይቀበለዋል።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው «ይሆናል»ና «ይገባል» ናቸው። «አዋጁ ከታተመበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል» ሲባል ጥርጥር የለበትም። ነገር ግን «ይከፍል ይሆናል» ቢባል ግዴታው ወዲያው ወደ ምናልባት ይለወጣል። አንዱ ቃል ከስም ወይም ከቅጽል ጋር ሲነገር ያረጋግጣል፤ ከግሥ ጋር ሲነገር ይጠራጠራል። በሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከ«ሻል» ፊት «ይሆናል» ብሎ ብቻ መጻፍ አደጋ ነው የምንለው ስለዚህ ነው። «ይገባል»ም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። «ካሣ ይገባዋል» ሲባል ሰውየው ተቀባይ ነው፤ «ሊክስ ይገባዋል» ሲባል ሰጪ ነው፤ ያውም ግዴታው የሕሊና ይሁን የሕግ አልተለየም። ለ«ሹድ» ቢሰጥ ይሻላል፤ «ሻል» ላይ ግን ግዴታውን ያላላዋል።

ይህ የወረቀት ክርክር እንዳይመስል ያጋጠመንን አንድ ነገር እንጥቀስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሄደች የአንድ ወጣት ሴት የሥራ ውል ከአማርኛ ትርጉሙ ጋር ቀርቦልን ነበር። በእንግሊዝኛው የሠራተኛዋም የአሠሪውም ግዴታ የተጻፈው በአንዱ «ሻል» ነው። በአማርኛው ግን ተርጓሚው፥ ምናልባት ድግግሞሹ አሰልችቶት፥ የእሷን ሁሉ «መታዘዝ አለባት»፥ «ማክበር አለባት» ሲል፥ የአሠሪውን «የመመለሻ ትኬት እንዲሰጥ ይጠበቃል»፥ «የሕክምና ወጪ ሊሸፍን ይገባዋል» ብሎታል። እሷም የፈረመችው ያነበበችውን አማርኛ ነው። የመመለሻዋን ገንዘብ ከየዘመዱ ለቅማ ከተመለሰች በኋላ ነው ውሉ እኛ ዘንድ የደረሰው። ለምን አልጠየቅሽም ብትባል «ከተስማማው ይሰጣል ነው እኮ የሚለው» አለች። በንባቧ አልተሳሳተችም። ተርጓሚው ክፋት አስቦ እንዳልሠራው እናምናለን፤ በትምህርት ቤት የተማርነው «አንድን ቃል በአንድ ገጽ ላይ አትድገም» የሚለው የድርሰት ምክር ግን በውል ላይ በደል ይሆናል። በእንግሊዝኛው አንድ የሆነው በአማርኛውም አንድ መሆን ነበረበት፤ ሁለቱንም «ይሰጣል»፥ «ትታዘዛለች»፥ ወይም ሁለቱንም «ግዴታ አለበት»፥ «ግዴታ አለባት» ማለት ይቻል ነበር።

ባልደረቦቻችን አንዳንዶቹ በዚህ ምክንያት «ሻል» በማናቸውም ስፍራ «አለበት» እንዲባል ያሳስባሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ዕዳ ባለ ዕዳ ይሻልና። «ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ መጽናት አለበት» ቢባል አዋጁ ባለ ዕዳ ሆኖ ይቀርባል፤ ማን ሊያጸናው እንደሚገባ አንባቢው ይጠይቃል። በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሊያደርገው ወይም ሊተወው የሚችል ሰው ወይም አካል ካለና ሕጉ ካዘዘው፥ «አለበት» ወይም «ግዴታ አለበት» ትክክል ነው፤ እንዲህ ያለ አካል ከሌለ ትንቢቱ ይበቃል። «ሻል ሚን» የሚለውን የትርጓሜ አንቀጽ «ማለት ነው» ብሎ መዝጋት፥ «ሻል ቢ ኢንታይትልድ» የሚለውን «መብት አለው» ማለት፥ ሁኔታ ውስጥ የገባውን በ«ቢ» ወይም በ«ከ» መጻፍ በአማርኛ የቆየ ልማድ ነው፤ አዲስ ነገር መፍጠር አያሻም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለቴክኒክ ሰነዶች ያወጣው ሥርዓት፥ «ሻል» ለግዴታ፥ «ሹድ» ለምክር፥ «ሜይ» ለፈቃድ፥ «ካን» ለችሎታ የሚለው፥ ለእኛም ይሠራል፤ ችግሩ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በአማርኛ «ይችላል» ላይ መገናኘታቸው ነው። ለፈቃዱ «ይፈቀድለታል» ብለን ብንለየው ሳይጠቅም አይቀርም።

በተቃራኒው አቅጣጫም ሥራ አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 106 የአማርኛው ቅጅ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና እንዳለው ስለሚደነግግ፥ ዛሬ «ሻል» በሕጎቻችን እንግሊዝኛ ገጽ ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ትርጉም ሆኖ ነው። ተርጓሚው እያንዳንዱን «ይ…ል» በጭፍን ወደ «ሻል» ሲመልስ፥ በአማርኛ ተራ መግለጫ የነበረው በእንግሊዝኛ ትእዛዝ ይሆናል። «ኮሚሽኑ ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ ይሆናል» የሚለው ለኮሚሽኑ የተሰጠ ትእዛዝ ነው ወይስ ማስታወቂያ? አማርኛው በዝምታ ያለፈውን እንግሊዝኛው እንዲናገር ይገደዳል።

በመዝገበ ቃላት ረገድ አንድ ነገር እንጨምር። ቃሉ በተራ ንግግር በተለይ በብሪታንያ ዛሬም በደኅና የሚኖረው በጥያቄ ውስጥ፥ በአንደኛ መደብ ነው፤ ሰው መስኮት ለመክፈት ወይም አብሮ ለመሄድ የሌላውን ፈቃድ ሲጠይቅ ይለዋል። አሜሪካኖቹ በዚህ ስፍራ ብዙውን ጊዜ «ሹድ» ይላሉ። አማርኛችን ለዚህ ጥያቄ ትንቢትንም «አለበት»ንም አያነሣም፤ «ልክፈተው?»፥ «እንሂድ?» ብሎ በትእዛዝ አንቀጽ ይጠይቃል። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ፍች ከሌሎቹ ለይተው፥ ከነምሳሌው፥ በራሱ ተራ ቁጥር ቢያሰፍሩት መልካም ነው፤ እስካሁን የምናየው ከትንቢቱ ጋር ተደርቦ ነው፤ ተማሪውም «መስኮቱን እከፍተዋለሁ?» ብሎ ሲተረጉም እናገኘዋለን።